የመንዝ በግ ጠጉርና የመጀመሪያው ሹራብ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ ሲነገርበት በኖረ መድረክ ላይ የሹራብ ነገር ሲነሣ ጥቂት ፈገግታ መታየቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሹራብ ራሱን የቻለ መዋቅር ነው። ከአንድ ክር ብቻ ይገነባል፤ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በውስጡ ያቆረውን አየር ይዞ ሰውነትን ከብርድ ይጠብቃል። ምስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም። እንዲህ ያለውን ሥራ የመሐንዲስ ዓይን ሊንቀው አይገባም።

ጉዳዩ የሚጀምረው ከዘመሮ ነው። ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ እንደ መላው የመንዝ ደጋ ገብስና በግ የሚገናኙባት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ሌሊቱን የሚበረታባት አገር ናት። በዚች ከተማ አንዲት ወጣት ለታናሽ ወንድሟ ሹራብ ልትሠራ አሰበች እንበል። ሁለት መርፌ ይዛለች፤ ከዚህ በፊት ሠርታ አታውቅም። ከፊቷ ሁለት ዓይነት ክር አለ። አንዱ ከሱቅ የሚገዛው፣ ቀለሙ የደመቀው፣ ሲዳስሱት እንደ ጥጥ የሚለሰልሰው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሁለተኛው በግቢያቸው ካሉት በጎች ተሸልቶ እናቷ በእንዝርት የምትፈትለው ነው። ወጣቲቱ የአባቷን ባና በጉንጯ ላይ አድርጋ ትሞክረዋለች፤ ይኮሰኩሳታል። «ይህማ ለሕፃን አንገት አይሆንም» ብላ ወደ ሱቁ ትሄዳለች።

በዚህ ማንም ሊፈርድባት አይችልም፤ የተሰማት ነገር እውነት ነውና። ነገር ግን ከዚያ እውነት ላይ ተነሥቶ «የመንዝ በግ ጠጉር ለሹራብ አይሆንም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ይህ ስሕተት በወጣቲቱ ብቻ ሳይሆን ከእርሷ እጅግ በተማሩ ሰዎችም ዘንድ ሲደጋገም ኖሯል።

የመንዝ በግ ጅራቱ አጭርና ስብ ያዘለ፣ ቁመናው ትንሽ፣ ለብርድና ለችጋር የሚበረታ በግ ነው። በኢትዮጵያ ካሉት በጎች አብዛኞቹ አጭር ፀጉር ሲኖራቸው፣ የመንዙ በግ ረዥም ጠጉር ከሚያበቅሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ይህም ጠጉር አንድ ዓይነት አይደለም። ከላይ ረዥምና ወፍራም የሆነው ጠጉር ዝናቡንና ካፊያውን ያንሸራትታል፤ ከሥሩ ደግሞ አጭር፣ ቀጭንና ጥቅልል ያለ ጠጉር ተደብቆ ሙቀት ይይዛል። በጉ በራሱ ላይ ካፖርትና የውስጥ ልብስ ደርቦ ይኖራል ማለት ነው። ተሸልቶ በአንድነት ሲነደፍ ግን ካፖርቱና የውስጥ ልብሱ ይደባለቃሉ፤ የሚዳሰሰውም ካፖርቱ ብቻ ይሆናል።

የመኮስኮሱ ምክንያት ብዙ ሰው እንደሚገምተው የቆዳ አለመስማማት አይደለም። ከጨርቁ ላይ ብቅ ያለ የጠጉር ጫፍ ቆዳን ሲነካ ወይ ይጎብጣል፣ ወይ ይወጋል። ቀጭኑ ይጎብጣል፤ ወፍራሙ ቀጥ ብሎ ይቆምና ከቆዳ ሥር ያለውን ነርቭ ይቀሰቅሳል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከ30 ማይክሮን በላይ ውፍረት ያላቸው ጠጉሮች ከመቶው ከ5 ገደማ ሲያልፉ ጨርቁ ለብዙ ሰው መኮስኮስ ይጀምራል። (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው።) የኦይለርን የምሰሶ ቀመር ያልረሳ የማኅበሩ አባል ሁሉ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ምሰሶ የሚጎብጥበት ኃይል በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ የ40 ማይክሮን ጠጉር ርዝመቱ እኩል ከሆነው የ20 ማይክሮን ጠጉር 16 ጊዜ ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ጥቂት ወፍራም ጠጉሮች የብዙ ቀጫጭን ጠጉሮችን ልስላሴ ያጠፋሉ። ጥቂቶቹን ማስወገድ ከተቻለ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ባናውስ ለምን እንዲያ ሆነ? ባና ለሕፃን አንገት ታስቦ አልተሠራም። እረኛ ዝናብ ላይ ሊቆምበት፣ መንገደኛ ሜዳ ላይ ሊያድርበት ነው። ክሩ ከርሮ ይፈተላል፤ በሽመና ይጠብቃል፤ ከተሸመነም በኋላ በውኃ ተነክሮ እየተረገጠ እንዲኮማተር ይደረጋል። በእያንዳንዱ ጠጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ረቂቅ ሽፋኖች ስላሉ፣ በእርጥበትና በእንቅስቃሴ እርስ በርሳቸው ተያይዘው አይላቀቁም። የወፍራሙ ጠጉር ጥንካሬ ለዚህ ሥራ ጸጋ ነው። በርኖሱም እንዲሁ ነው፤ ከጥቁር በግ ጠጉር ያለ ምንም ቀለም ይሠራል፤ ፀሐይና ዝናብ ቢፈራረቁበትም አይበገርም። መሐንዲስ ጠጠርን አሸዋ ባለመሆኑ አይወቅሰውም።

በጉን የመለወጥ ሐሳብ የመጣው እንግዲህ ከዚሁ የተሳሳተ ፍርድ አጠገብ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማራቢያ ማዕከላት የውጭ ዝርያ አውራዎች ከመንዝ በግ ጋር እንዲዳቀሉ ተደርጓል። ከኒውዚላንድ የተገኘው የኮሪዴል ዝርያ በሥጋውም በጠጉሩም የሚፈለግ ነው። ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ግን በወተቱና በሰውነቱ ግዝፈት የተመሰገነ እንጂ ጠጉሩ ከምንጣፍ ክር የማያልፍ ሻካራ ነው። አዋሲን ለልስላሴ ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ በከንቱ ጠብቋል፤ ለዕድገትና ለሥጋ ብሎ የጠበቀው ግን ምክንያት ነበረው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማኤዲ ቪስና የሚባለው፣ ሳንባን ቀስ በቀስ የሚያደክም የበግ በሽታ በማራቢያ በጎች ላይ መገኘቱ ታወቀ፤ የዲቃላ አውራዎች ሥርጭትም ተስተጓጎለ።

የዚህ በሽታ ስም የአይስላንድ ቋንቋ ነው። ከመንዝ ወደ አይስላንድ መሻገር ሩቅ መንገድ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሁለቱ አገሮች በበግ ጉዳይ ጎረቤታሞች ናቸው። አይስላንዶች እ.ኤ.አ. በ1933 ዝርያ ለማሻሻል ሲሉ የካራኩል በጎችን ከጀርመን አስመጡ። ከበጎቹም ጋር በሽታው ገባ፤ ለማጥፋትም በብዙ አውራጃዎች መንጋ በሙሉ እየታረደ በሌላ መተካት ግድ ሆነ። የአገሩ በግ እንደ መንዙ ሁሉ ሁለት ዓይነት ጠጉር ያለው ነው፤ ለላይኛውና ለታችኛው ጠጉር በቋንቋቸው ለየብቻ ስም አላቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ሁለቱን ጠጉሮች በአንድነት ይዘው፣ ሳያከርሩ በላላ ክር፣ ዛሬ በዓለም የታወቀውን ሹራባቸውን መሥራት ጀመሩ። ያም ሹራብ ትንሽ ይኮሰኩሳል። ባለቤቶቹ ግን ከሸሚዝ በላይ ይለብሱታል እንጂ አያፍሩበትም። ለሹራባቸው ያበቃቸው አዲስ በግ አይደለም፤ አዲስ አፈታተል ነው።

ስለዚህ የዘመሮዋ ወጣት ወደ ቤቷ ትመለስና ከእናቷ ጋር ትቀመጥ። በመጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባው የጠጉሩ ምንጭ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸለተ የጠቦት ጠጉር ካረጀ በግ ጠጉር ይለሰልሳል፤ ከአንድ በግም ቢሆን የትከሻውና የጎኑ ከጭኑና ከጅራቱ አካባቢ ይሻላል። ሸላቹ ይህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ካጨቀው በኋላ መልሶ መለየት አድካሚ ስለሆነ፣ መለየቱ በሽለታው ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል። ቀጥሎ ሁለቱን ጠጉሮች ማለያየት ነው። ጥቂት ጠጉር ከሥሩ በአንድ እጅ ይያዛል፤ በሌላው እጅ ጫፉ ተይዞ ሲሳብ ረዥሙና ወፍራሙ እየተመዘዘ ይወጣል፤ አጭሩና ቀጭኑ መዳፍ ውስጥ ይቀራል። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ምሽት ላይ በእሳት ዳር፣ ወግ እየተወጋ የሚሠራ እንጂ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ሁሉም ወፍራም ጠጉር ካልወጣ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አብዛኛው ቢወጣ ይበቃል።

እዚህ ላይ እናቲቱ ልማዷን መተው ይኖርባታል፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ለባና የሚሆን ክር ስትፈትል የኖረች እጅ ክሩን ታከርረዋለች። የከረረ ክር በሽመና ላይ ድር ሆኖ ውጥረቱን ይችላል፤ በሹራብ ላይ ግን ገመድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ነጠላ ክር የከረረበትን ዙር ለመፍታት ሁልጊዜ ስለሚታገል፣ የተሠራበት ሹራብ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ የጎኑ ስፌት ወደ ሆድ ይዞራል። መድኃኒቱ ሁለት ላላ ያሉ ነጠላ ክሮችን ፈትሎ፣ እንዝርቱን በተቃራኒ አቅጣጫ እያዞሩ አንድ ላይ መግመድ ነው። የአንዱ ትግል የሌላውን ያጠፋዋል፤ ክሩ ይረጋል፤ ክብና ሙሉ ይሆናል። በመካኒክስ ትምህርት ሚዛናዊ ጉልበት የሚባለው ይኸው ነው። እናቲቱ ስሙን ባትሰማውም፣ የገመደችውን ክር እጥፍ አድርጋ ለቅቃ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ሥራው መስመር መያዙን ታውቃለች።

ወደ መርፌው ሲመጣ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚዘለው አንድ ሥራ አለ፤ ናሙና። በዚያው ክርና በዚያው መርፌ በየአቅጣጫው 10 ሳንቲሜትር ያህል ቁራጭ ተሠርቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ይለካል። በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 18 ቀለበት ቢቆጠር፣ ዙሪያው 90 ሳንቲሜትር ለሆነ ሹራብ 162 ቀለበት ያስፈልጋል። እጇ ላልቶ 17 ቀለበት ብቻ ቢሆንና ይህን ሳታውቅ በ162 ብትጀምር፣ ሹራቡ 95 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ አንዲት ቀለበት ስትጎድል 5 ሳንቲሜትር ትርፍ አመጣች ማለት ነው። ኮንክሪት ሳይፈተሽ ምሰሶ የሚያቆም መሐንዲስ የለም፤ ካለም ስሙ በዚህ ጉባኤ ባይነሣ ይሻላል። ለመጀመሪያ ሹራብ የሚሻለው ቅርጽ አራት ማዕዘን ነው። አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለጀርባ፣ ሁለት ለእጅጌ፤ አራቱም በመርፌ ይሰፋሉ።

ከጥጥ ክር ለምን አይሠራም የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ጥጥ ተፈጥሮአዊና ለስላሳ ነው፤ የማይኮሰኩሰውም ቀጭን ስለሆነ ነው። ነገር ግን የመለጠጥና የመመለስ ጠባይ ስለሌለው ሹራቡ በራሱ ክብደት ይረዝማል፤ ሲረጥብም ቶሎ አይደርቅም። የበግ ጠጉር ግን የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ እንኳ እርጥብ መስሎ አይሰማም። በመንዝ ብርድ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን ማስማማት ነው፤ ከውስጥ የጥጥ ሸሚዝ ይለበሳል፤ የሹራቡም አንገት በውስጥ በኩል በስስ የጥጥ ጨርቅ ይገበራል። የመንዝ ጠጉር በምንም ዘዴ የሜሪኖን ያህል አይለሰልስም፤ ይሆናል ብሎ የሚሰብክ ካለ ሸማቹን ያታልላል።

ሰው ሠራሹ ክር እንደ ጠላት ሊታይ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ አክሪሊክ ብዙ ድኃ ሕፃናትን ከብርድ አውጥቷል። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ገበሬው ለጠጉሩ ዋጋ ካላገኘ በጉን የሚሸልተው ሙቀት እንዳይበዛበት ብቻ ይሆናል፤ ጠጉሩም የትም ይጣላል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎች በኅብረት ምርጥ አውራ ከራሳቸው መንጋ እየመረጡ ማራባታቸው የአገሩ በግ በአገሩ ሰው እጅ ሊሻሻል እንደሚችል አሳይቷል፤ የምርጫው ዋና መለኪያ ግን የሰውነት ዕድገት ነው። የሚፈትሉት እጆች ደግሞ እያረጁ ናቸው። ክር አላልቶ መግመድ በጽሑፍ ሊገለጽ ይችላል፤ ጣት ግን የሚማረው ከጣት ነው። እናቲቱ እንዝርቷን ካስቀመጠች በኋላ ልጂቱ ብትፈልግም የምትማርበት ቦታ የላትም።

በመጨረሻም ስለ አጠባው። ወፍራም ሳሙናና አመድ ያለበት ውኃ የበግ ጠጉርን ይጎዳሉ፤ ሙቅ ውኃና ማሸት ደግሞ ሹራቡን ወደ ባና ይለውጡታል፤ የአዋቂው ልብስ ለሕፃን እስኪሆን ድረስ ይኮማተራል። ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይታሽ፣ እየተጫኑ ማጠብ ነው። የአገሩ እንዶድ ለዚህ ሥራ ይስማማል፤ አረፋው እንደ አመድ ውኃ አያቃጥልም። (አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያገኙት፣ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡበት ከቆዩበት ወንዝ ዳር ነበር።) ከታጠበ በኋላ አይሰቀልም፤ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በጥላ ይደርቃል። ከተለየው ጠጉር የቀረው ረዥሙና ወፍራሙም አይጣልም፤ ተነድፎ፣ ከርሮ ተፈትሎ ለአባትየው ባና ይሆናል።