በአንድ ሞት ፊት ሕግ የሚጠይቀው፦ የወንጀል ሕግ መሠረተ ሐሳቦች ለሁሉም



ሕግ ያልተማረ ሰው ወንጀልን የሚመዝነው በአብዛኛው በደረሰው ጉዳት ነው። ሰው ከሞተ ገዳይ አለ፤ ገዳይ ካለ ቅጣቱ ከባድ መሆን አለበት ይላል። ይህ ስሜት ከሐዘን የሚመነጭ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ግን ከጉዳቱ አልፎ የአድራጊውን ሐሳብ ይመረምራል።

በአንቀጽ 23 መሠረት አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ ነው። ሕጋዊው፣ ድርጊቱ አስቀድሞ በሕግ የሚያስቀጣ ሆኖ መደንገጉ ነው፤ ግዙፋዊው፣ ድርጊቱ በተጨባጭ መፈጸሙ ነው። በእነዚህ ላይ አልቆይም፤ ክርክሩ የሚበዛው በሦስተኛው ላይ ነውና።

አንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ በገበያ ቀን እግረኛ ገጭቶ ገደለ እንበል። ሟቹ የቆየ ባላንጣው ሆኖ ሆን ብሎ ከገጨው፣ ነገሩ አስቦ መግደል ነው፤ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 539 የተመለከቱት የሚያከብዱ ሁኔታዎች ካሉ ደግሞ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ባላንጣ ባይኖረውስ? ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት እያየ፣ ሰው ሊሞት እንደሚችል እያወቀ፣ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ከነዳ አሁንም አስቦ እንደ ገደለ ይቆጠራል። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይገረማል። አደጋው ታይቶት «በችሎታዬ አልፋለሁ» ብሎ ያለ በቂ ምክንያት ከተማመነ ግን ጥፋቱ ቸልተኝነት ነው፤ እንደ አሽከርካሪነቱ በአንቀጽ 543(2) ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። ሰክሮ የነዳ እንደሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ልብን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው ይባላል። ዳኛው ግን ከፍጥነቱ፣ ጎማው አስፋልት ላይ ከተወው ምልክት፣ ጥሩምባ መንፋት አለመንፋቱን ከሰሙ ምስክሮች ቃል ተነሥቶ ሐሳቡን መገመት አለበት። ሁለቱን የሚለየው መስመር እጅግ ቀጭን ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ሳስተምረው በቀላሉ አልወጣውም።

ለሟች ቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ሁኔታ ነው። አሽከርካሪው መኪናውን አስመርምሮ፣ በተፈቀደው ፍጥነት ተጠንቅቆ ሲነዳ፣ ሰው ሊያስቀረው በማይችል አጋጣሚ ሞት ቢደርስ፣ በአንቀጽ 57 መሠረት አይቀጣም። ሞት አለ፤ ወንጀል የለም። ይህ ማለት ግን ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀራል ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪናውን ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ በመርህ ደረጃ ለካሳ ኃላፊ ያደርገዋል። የካሳው ክስ ከወንጀሉ ክስ ጋር መምታታት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጥፋት የሌለበት አሽከርካሪ ብዙ ጊዜ ደንግጦ ይሸሻል። በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስ ሊረዳው ይችል የነበረውን ቁስለኛ ጥሎ ከሄደ ግን፣ በግጭቱ ያልነበረበት ጥፋት በመሸሹ ይመጣበታል፤ አንቀጽ 575 በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው አለመርዳትን ወንጀል አድርጎታልና፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይብሳል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።