የማሽላ መጋዘን የጤና ቁጥጥር

አቅራቢ 1፦ የራያ ቆላ ዋነኛ እህል ማሽላ ነው። በዋጃና በቆቦ አካባቢ ገበሬው በጎተራ ወይም በጉድጓድ ያኖረዋል፤ ነጋዴው በጆንያ አድርጎ መጋዘን ውስጥ ይደረድረዋል። ለንግድ የሚከማች ምግብ ጤናማነት የሚመራው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው።

አቅራቢ 2፦ በቁጥጥሩ ቀዳሚው ጉዳይ እርጥበት ነው። ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው እህል በቆላ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል፣ እንጀራ መጋገርም አያጠፋውም።

አቅራቢ 1፦ ጉድጓድ የሚያሳስበውም ለዚሁ ነው። ውኃ ሲሰርግ ግድግዳውን የነካው ማሽላ ቀድሞ ይበላሻል። የሻገተውን ከደህናው ቀላቅሎ ለገበያ ማውጣት በሰው ጤና ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

አቅራቢ 2፦ ጆንያው በርብራብ ላይ ማረፉ፣ ከግድግዳ መራቁ፣ የአይጥ ኩስ አለመኖሩም ይታያል። ከሁሉ አጣዳፊው ግን የነቀዝ ክኒን ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይደረግም፤ መጋዘኑም በሚገባ ሳይናፈስ አይገባበትም።