ጧሪ በደመወዝ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በግዕዝ «ጾረ» ማለት ተሸከመ ማለት ነው። አማርኛ ቃሉን ወርሶ «ጦረ» ባለው ጊዜ የሸክሙን ዓይነት ለይቶ ሰየመው፤ ጧሪው ልጅ ነው፣ ተጧሪዎቹም አባትና እናት ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገረው «ጡረታ» የወጣውም ከዚሁ ሥር ነው። ለመሐንዲስ ጆሮ የሸክም ነገር እንግዳ አይደለም። ተሸካሚው ከቦታው ሲነሣ ሸክሙ አብሮት አይነሣም፤ ወይ ወደ ሌላ ምሰሶ ይተላለፋል፣ ወይ ይወድቃል።

ቀድሞ ይህ ሸክም የሚያርፍባቸው ምሰሶዎች ብዙ ነበሩ። አንድ አዛውንት በገጠር አልጋ ላይ ቢውሉ ከልጆቻቸው ሁለቱ ወይም ሦስቱ በዚያው ቀበሌ ይኖራሉ፤ ምራት አለች፤ የልጅ ልጅ ውሃ ያቀብላል፤ ጎረቤት ጧትና ማታ ብቅ ይላል። ሆኖም ያለፈውን ዘመን የሚያወድሱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የመጦሩ ሥራ በአመዛኙ የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነበር፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በአንዲት ምራት ላይ። ያቺ ሴት ትምህርቷን ወይም ትዳሯን ወደ ጎን ትታ ለዓመታት ስታስታምም የምታገኘው ዋጋ ምርቃት ብቻ ነበር። ዛሬ ያቺ ልጅ ተምራ ሥራ ይዛለች፤ ወይም ባሕር ተሻግራለች። ወንድሟም መንገድ ወይም ግድብ በሚሠራበት ስፍራ፣ ከከተማ ርቆ በካምፕ ይኖራል። የዚህ ማኅበር አባላት የሥራ ጠባይ ራሱ ከወላጅ አጠገብ የሚያርቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ቤት ሁኔታ ይታይ። እናት ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። አንድ ቀን ጧት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንሸራቷቸው ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ከሦስት ልጆቻቸው አንዱ ቆላ ውስጥ በግንባታ ሥራ ላይ ነው፤ አንዷ ቨርጂኒያ ትኖራለች፤ ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ብትኖርም ሁለት ሕፃናት አሏት። በስልክ ምክር ይደረጋል። የምክሩ ውጤት በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው፤ «ሰው ይቀጠር» ይባላል። የሚቀጠረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን የለም። ደላላ አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያመጣል። ልጅቱ ምግብ ታበስላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች፤ «ከዚያ በተረፈ» ይባልና እማማን ታያለች። ሌሊትም ከእግራቸው ሥር ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች።

ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል። 168 ለ48 ሲካፈል 3.5 ይሆናል። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሐዘን ሲታሰቡበት፣ ሌሊትና ቀን ብቻቸውን ሊተዉ የማይችሉ አንዲት አሮጊት አራት ሰው ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። በዚያ ቤት ያለችው ግን አንዲት ልጅ ናት። ለአራት ምሰሶ የተሰላ ጭነት በአንድ ምሰሶ ላይ ሲጫን ምን እንደሚከተል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ምሰሶው ሲሰነጠቅ ደግሞ የሚሰማው ድምፅ «ሠራተኛዋ ጠፋች» የሚል ነው፤ ቤተሰቡም ምስጋና ቢስነቷን እያወራ ወደ ደላላው ይመለሳል።

እያንዳንዱ ቤተሰብ አራት ሰው ይቅጠር ማለት አይደለም፤ አቅሙ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ሰዓቱ ቢያንስ ይቆጠር። በሽተኛዋ በእርግጥ እጅ የሚፈልጉባቸው ሰዓቶች ሲለዩ፣ ማለትም የማለዳው እጥበት፣ ምግቡ፣ መድኃኒቱ፣ ከአልጋ መነሣቱና የሌሊቱ ጥበቃ በየራሳቸው ሲታዩ፣ ሥራው ሊከፋፈል እንደሚችል ይታወቃል። ሥራውን የምታውቅ አስታማሚ ለስምንት ሰዓት ትቀጠራለች፤ ማብሰሉና ማጠቡ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ቁስል የሚያጥብ ነርስ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ሌሊቱን ልጆችና ዘመዶች በተራ ይይዙታል። በተራው የማይገኝ ልጅ የተራውን ዋጋ ይከፍላል። ነርስና አስታማሚ ወደ ቤት የሚልኩ ድርጅቶችም በአዲስ አበባ ብቅ ብለዋል። ከእነርሱ ጋር የሚዋዋል ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ዋና ጥያቄ፣ ከሚከፈለው ገንዘብ ለአስታማሚዋ በእጇ የሚደርሳት ስንት ነው የሚል ነው፤ ድርሻዋ ያነሰ አስታማሚ አትሰነብትምና፤ በየወሩ ፊት የሚለዋወጥበት ቤት ደግሞ ለአረጋዊ ሰው ቤት አይሆንም።

ሥራው ሙያ ነው ወይስ ቅንነት ብቻ ይበቃዋል የሚል ክርክር ዘወትር ይነሣል። ቅንነት የሌለው ሰው ባይቀጠር ይሻላል፤ ዳሩ ግን ቅንነት ብቻውን የመኝታ ቁስልን አይከላከልም። ራሱን ማገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ካልተለወጠለት በተረከዙ፣ በዳሌውና በጀርባው ታች ቆዳው ደም ያጣና ይቆስላል፤ ቁስሉ ለመጀመር ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ ለመዳን ግን ወራት ይፈጃል። ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ተኝቶ ከጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መመገብ፣ ከበላም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ መቆየት አለበት። አረጋውያን የውሃ ጥም እንደ ወጣት አይሰማቸውም፤ «አልጠማኝም» ስላሉ ብቻ ውሃ የማይቀርብላቸው ሰዎች ግራ ሲጋቡና ሲቃዡ ቤተሰቡ «ጃጁ» ይላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአልጋው በድንገት ከተነሣ ዞሮበት ይወድቃል፤ መጀመሪያ ተቀምጦ ጥቂት መቆየት ይገባዋል። በጾም ወራት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ኢንሱሊን የሚወጉ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ከቆዩ የደማቸው ስኳር ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ይህን አስቀድሞ ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግሮ መወሰን የልጆች ፈንታ እንጂ የአስታማሚዋ አይደለም።

የማንሣቱም ነገር እንደዚሁ ዘዴ ይጠይቃል። በአሜሪካ የሥራ ላይ ጤንነት ባለሙያዎች አንድ አስታማሚ በሽተኛን ያለ መሣሪያ በእጁ ሲደግፍ ከ16 ኪሎ ግራም በላይ እንዳይሸከም ይመክራሉ። ስድሳ ኪሎ የሚመዝኑ ሴት በአንዲት ቀጭን ልጅ ክንድ በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ሲነሡ የሁለቱም አጥንት አደጋ ላይ ነው። በዚያው አገር በመንግሥት መድን በሚከፈልበት የቤት ውስጥ ሕክምና ረዳት ሆኖ ለመሥራት ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ግዴታ ነው፤ ከዚህም 16ቱ ሰዓት በተቆጣጣሪ ፊት የሚደረግ የተግባር ልምምድ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የሚያሳዝነው ነገር፣ በውጭ አገር የሰው እናት እያገላበጠች የምታድር ልጅ ለራሷ እናት ከሩቅ ገንዘብ ስትልክ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ማገላበጥ ላልተማረች ሰው መሆኑ ነው።

የሕጉ ሁኔታም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ጠይቋል። አዲስ አበባ ውስጥ አረጋዊ ለመያዝ የምትቀጠረውን ልጅ ግን የሚጠይቃት የለም። ከላይ የተጠቀሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም በግለሰብ ቤት የሚሰጠውን የግል አገልግሎት ከወሰኑ ውጪ ትቶታል። የ48 ሰዓቱ ድንጋጌ በዚህ ንግግር እንደ መለኪያ ተጠቀሰ እንጂ በእርሷ ላይ አይሠራም ማለት ነው። የሚቀራት ከለላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ የሚናገረው ነው፤ አሠሪው ስለ ማደሪያዋ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ሰዓቷ፣ ስለ ጤንነቷም ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። ይህ አጠቃላይ ቃል ነው፤ ዝርዝሩን የሚሞላው ውል ነው። የውል ሰነድ ዝርዝር ለማዘጋጀት ከመሐንዲስ የበለጠ ልማድ ያለው ባለሙያ አይገኝም፤ ሆኖም ለአንድ ኪዩቢክ ሜትር ኮንክሪት ገጽ ሙሉ የሚጽፍ ሰው ለእናቱ አስታማሚ አንድ መስመር አይጽፍም። የሥራው ዝርዝር፣ የዕለቱ ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን፣ ስትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ እናቲቱ ቢወድቁ ወይም ቢብስባቸው መጀመሪያ ለማን እንደምትደውል በጽሑፍ ቢሰፍር ከብዙ ቂም ያድናል።

ጀርመን በ1995 እ.ኤ.አ.፣ ጃፓን በ2000 እ.ኤ.አ. የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን አቋቁመው ሸክሙን በሕዝብ ትከሻ ላይ አከፋፍለውታል። በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ የጡረታ ዐቅድ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ያም ዐቅድ ለኑሮ እንጂ ለአስታማሚ የታሰበ አይደለም። ዕድርስ? ዕድር ድንኳኑና ድስቱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው በአመዛኙ ለቀብር ነው። አንድ ሰው ከመሞቱ በፊት አምስት ዓመት አልጋ ላይ ቢውል፣ በአምስቱ ዓመት ውስጥ የዕድሩ ደንብ ብዙ የሚለው ነገር የለም።

ስለ ተጧሪዎቹ ፈቃድ ሲነገር የሚሰማው ጥቂት ነው። ልጆች በስልክ ተማክረው ይወስናሉ፤ እናት ጉዳዩን የሚሰሙት እንግዳ ሰው በር ላይ ሲቆም ነው። አብዛኞቹ አረጋውያን «ለባዕድ ሰጡኝ» ብለው የሚያዝኑት በአስታማሚዋ ምክንያት ሳይሆን በዚህ አገባብ ምክንያት ነው። ገላቸውን ማን እንዲያጥብላቸው እንደሚፈቅዱ ራሳቸው ቢጠየቁ፣ አስታማሚዋም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልጃቸው ጋር አብራ ብትገባ፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ዕድሜ ልካቸውን «እርስዎ» ሲባሉ የኖሩ ሰው ሰውነታቸው ስለ ደከመ ብቻ «አንቺ» እየተባሉ እንደ ሕፃን ሊጎረሱ አይገባም። አስታማሚዋም ስም አላት፤ «ነይ አንቺ» ተብላ የምትጠራበት ቤት ውስጥ የምትጦረው ሰው ክብር ብዙ ጊዜ አይቆይም።

ሥራው የሚሠራበት ቦታ ደግሞ ቤቱ ነው፤ ቤት የዚህ ማኅበር ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ መሠራት የጀመሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አዛውንት ጉልበታቸው የከዳቸው ቀን ቤታቸው ውስጥ ይታሰራሉ፤ ለሕክምና በወንበር ተይዘው በአራት ሰው ይወርዳሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ አካል ጉዳተኞች እንዲገቡ ይመቻች ያለው ለሕዝብ አገልግሎት ስለሚውሉ ሕንፃዎች ነው፤ መኖሪያ ቤቱ ለባለቤቱና ለነዳፊው ኅሊና ተትቷል። የሚያስፈልገው ነገር ያን ያህል ውድ አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ በር ከ80 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ክፍት ስፋት ይፈልጋል፤ ብዙው የመታጠቢያ ቤት በር ግን ከዚህ ይጠባል። በደጃፍ ላለች ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ደረጃ በ1 ለ12 ዘንበል ያለ የ3 ሜትር ከ60 መወጣጫ ይበቃታል። ከመጸዳጃው ጎን በ85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግድግዳው ውስጥ በሚገባ የታሰረ ብረት፣ የማያንሸራትት ወለል፣ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት የሚበራ የሌሊት መብራት፤ እነዚህ ሦስቱ ያ ጧት ከመድረሱ በፊት ተሠርተው ቢሆን ኖሮ በምሳሌው የተነገረላቸው እናት ምናልባት ባልወደቁ ነበር። ብረቱ በጡብ ወይም በባዶ ብሎኬት ላይ በፕላስቲክ ፊሸር እንዳይታሰር ያስፈልጋል፤ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይነቀላልና።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም በውል ውስጥ ለመጻፍ ማንም የማይደፍረው የውሉ ፍጻሜ ነው። ይህ ሥራ ከሌላው የሚለየው ሥራው በደህና እየተሠራ እያለ በሞት የሚያልቅ በመሆኑ ነው። አረጋዊቷ ሲያርፉ ቤቱ በለቀስተኛ ይሞላል፤ አስታማሚዋ ቡና ታፈላለች፣ ሳህን ታጥባለች፤ ሦስት ዓመት ያገላበጠቻቸው እርሷ ሆና ሳለ ከሐዘንተኞቹ መካከል የሚያስቀምጣት የለም። ከሠልስቱ በኋላ ክፍሉ ይጸዳል፣ አልጋው ይፈታል፤ ልጅቱም የወሩ ደመወዝ እስከ ሞቱ ቀን ተቆጥሮላት ሻንጣዋን ትይዛለች። ስለዚህ በውሉ ላይ፣ ሥራው በሞት ምክንያት ሲቋረጥ ከአገልግሎት ዘመኗ ጋር የተመጣጠነ፣ ቢያንስ የአንድ ወር ደመወዝ እንደሚከፈላት፣ ሌላ ሥራ እስክታገኝም ለተወሰኑ ሳምንታት ማደሪያዋ እንደማይነሣባት፣ ያገለገለችበትን ጊዜና የምታውቀውን ሥራ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በቤተሰቡ ፊርማ እንደሚሰጣት ሊጻፍ ይገባል። ገንዘቡም በሐዘን ቀን ከወንድማማቾች መሐል ማን ያውጣ እንዳይባል፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ለብቻው ተቀማጭ ይደረጋል።