ከመጸነስ በፊት የሚጀመር ክኒን



ለሕፃን ቀብር ወጥተን «ከላይ የመጣ ነው» እያልን እንመለሳለን። አንዳንዱ ግን አስቀድሞ ሊከላከሉት የሚቻል ነው።

የጽንስ አከርካሪ የሚገጥመው በተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ገና እናትየው ሳታውቅ ነው። የስኳር በሽታ ያለባት ሴት ስኳሯ ከፍ ካለ፣ ሳይገጥም የመቅረቱ አደጋ ይጨምራል። እኛ የአርብ ገበያ ሰዎች ደግሞ እርግዝና እስኪገፋ እንደብቃለን፤ ቡዳ እንፈራለና! ስለዚህ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ክኒን ከመጸነሷ በፊት ትጀምር። ለሌላዋ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይበቃል፤ ለእሷ ግን ሐኪም እስከ 5 ሚሊ ግራም ሊያዝላት ይችላል። ጎመኑም ምስሩም ደግ ነው፣ ብቻውን አይሞላም እንጂ። የብረቱን ክኒን ስትውጥ ቡናው ይቆይላት፤ ጥቅሙን ይቀንሰዋል። ኢንሱሊን የምትወጋም ክኒን ጀመርኩ ብላ እንዳትተው። ባሎችም ልጅ ስታስቡ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ እንጂ።