የሐሙስ ምሳ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቤተሰባችን የሐሙስ ሥራ ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴው ስለጋበዘን ከልብ እናመሰግናለን። እኛ ባለሱቆች ነን፤ ንግግር አናውቅበትም። ያየነውን ብቻ እንነግራችኋለን።

ሱቃችን ኢስሊ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ በርበሬውንም ቡናውንም የምትገዙት ከእኛው ነው። ጁጃ ሮድን ሲሻገሩ ማታሬ ነው። ከዚያ የሚመጡ ተማሪዎች በምሳ ሰዓት ወደ ሱቃችን ብቅ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ሦስት ሆነው አንዲት ማንዳዚ ገዝተው ሲካፈሉ አየን። «ምሳ በልታችኋል?» ብንላቸው «ምሳችን ይኸው ነው» አሉን። የዚያን ዕለት ማታ እኛ ቤት እራት ቀርቦ እጁን ቶሎ የሰደደ አልነበረም።

በኬንያ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተነሥቷል። በ2023 ደግሞ የናይሮቢ ካውንቲ፣ ወላጅ 5 ሽልንግ እየከፈለ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ምሳ የሚበላበትን ፕሮግራም ጀምሯል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተጀመረው ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። እነዚያ ልጆች የሚማሩት የሰፈሩ ሰው ራሱ ባቋቋመው የቆርቆሮ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህርቷን አነጋግረን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስን፣ ያዝን።

መጀመሪያ እንጀራ በምስር ወጥ ወሰድን። ልጆቹ በጨዋነት ቀመሱና ለጓደኛ አቀበሉ። እኛ የምንወደውን ሳይሆን እነሱ የለመዱትን ማብሰል እንዳለብን ያን ቀን ገባን። አሁን የምንሠራው ጊዘሪ ነው። ለ60 ልጆች 9 ኪሎ በቆሎ፣ 3 ኪሎ ቦሎቄ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዘይት ይበቃል። ረቡዕ ማታ ልጆቻችን ጠጠሩን ለቅመው ይዘፈዝፉታል፤ ያልተዘፈዘፈ ቦሎቄ ከሰል ይጨርሳል፣ ሆድም ይነፋል። ሥጋ ስለማንጨምርበት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይበላል። ልጆቻችንም ከዚያው ድስት ወጥቶላቸው አብረው ይበላሉ። ፎቶግራፍ አናነሣም፤ እኛስ ርቦን ስንበላ ብንነሣ ደስ ይለናል?

ከሁሉ በላይ የተማርነው ግን ከራሳችን ጥፋት ነው። አንድ ሐሙስ ዕቃ የጫነልን መኪና ከሞያሌ ዘግይቶ ደረሰና እሱን ስናራግፍ ዋልን። «አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል» ብለን አልደወልንም። በማግስቱ ስንሄድ ርዕሰ መምህርቷ አልተቆጣችንም። «ሐሙስ ሐሙስ እናንተ አላችሁ ብለው እናቶቹ ያለቻቸውን ለዓርብ ያቆያሉ። ልጆቹ ትናንት ሳህናቸውን ይዘው እስከ 8 ሰዓት ጠበቁ» ብቻ አለችን። መግቢያ ጠፋን። እኛ ስጦታ ያልነውን እነሱ ምሳችን ብለው ቆጥረውት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ በሱቃችን አንድ ጆንያ በቆሎና ግማሽ ጆንያ ቦሎቄ ሁልጊዜ ይቀመጣል። ገበያ ቢደምቅም አይሸጥም። እኛ ባንችል ድስቱን የምትረከብ ጎረቤትም አለችን።

ወገኖቻችን፣ ሐሙስ ተይዟል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ግን ባዶ ናቸው። ለአንድ ቤተሰብ ቢከብድ ሦስት አራት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ቀን ያዙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማትዘልቁበትን ቀን አትያዙ። ሳህን ይዞ የሚጠብቅ ልጅ አለና።

 መልካም በዓል!