የተመረዘ የከተማ መሬትና የሕዝብ ገንዘብ



ፋብሪካ ሲዘጋ ሠራተኛው ይበተናል፤ መኪናው ተነቅሎ ይሸጣል፤ የጣራው ቆርቆሮ ሳይቀር ገዢ ያገኛል። ገዢ የሚያጣው መሬቱ ነው። ለሃምሳና ለስድሳ ዓመት የፈሰሰው ዘይት፣ የተደፋው አሲድ፣ የተራገፈው እርሳስ በአፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ቀስ በቀስም ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ይሰርጋል። እንዲህ ያለውን ቦታ አጽድቶ እንደገና ለሥራና ለመኖሪያ ለማብቃት ወጪውን ማን ይሸከም? በዚህ ጥያቄ ብዙ የሞከረው፣ ብዙም የተሳሳተው አገር አሜሪካ ስለ ሆነ፣ የዚህ ንግግር ምሳሌዎች ከዚያ የተወሰዱ ናቸው።

በኒውዮርክ ግዛት በናያግራ ፎልስ ከተማ ላቭ ካናል የሚባል፣ ተጀምሮ የተተወ ቦይ ነበር። ሁከር ኬሚካል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1953 ድረስ ወደ 21,000 ቶን የሚጠጋ የኬሚካል ዝቃጭ ቀበረበት፤ አፈር አለበሰውና ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው። በውሉም ላይ የተቀበረው ነገር ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደማይሆን አስጻፈ። (ዋጋው ብቻውን ለማስጠንቀቂያ በበቃ ነበር።) ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ ዙሪያውንም መኖሪያ ቤቶች ከበቡት። ዝቃጩ ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት መስረጉ ሲታወቅ፣ በኦገስት 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ200 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ለቀው ወጡ።

በ1980 የወጣው፣ በተለምዶ ሱፐርፈንድ የሚባለው ሕግ የዚህ መዘዝ ነው። ሕጉ ለ5 ዓመት 1.6 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ አብዛኛውም የሚሰበሰበው በነዳጅ ዘይትና በኬሚካል ላይ ከተጣለ ልዩ ግብር ነበር። አሳቡ ግልጽ ነው፤ የበከለው ከተገኘ እርሱ ይክፈል፤ ከከሰረ ወይም ደብዛው ከጠፋ፣ ከዚያው ኢንዱስትሪ የተሰበሰበው ገንዘብ ይክፈል። ይሁን እንጂ ግብሩ በ1995 መጨረሻ ላይ ሲያበቃ ምክር ቤቱ አላሳደሰውም። የተጠራቀመው አለቀ፤ ሸክሙም ወደ አጠቃላዩ ግብር ከፋይ ዞረ። ግብሩ እንደገና የተጣለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2021 እና በ2022 በወጡ ሕጎች ነው። በዚህ መካከል “የበከለ ይክፈል” የሚለው መርሕ ባለቤት ላጡት ቦታዎች ባዶ ቃል ሆኖ ቆየ።

ሕጉ ያላሰበው ሌላ ችግርም መጣ። ተጠያቂነቱ በበካዩ ሳይወሰን ቦታውን በኋላ በገዛው ላይ ጭምር ይደርስ ስለ ነበር፣ ገዢዎችና ባንኮች የፋብሪካ ታሪክ ያለውን መሬት ሁሉ ሸሹ። ባለሀብቱ መንገድ፣ ውኃና መብራት የገባለትን የከተማ ቦታ ትቶ ከከተማ ውጭ የእርሻ መሬት ገዛ፤ ድኻው ሰፈር ግን የተዘጋውን ፋብሪካ አጥር እያየ ቀረ። ከነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹ ክፉኛ የተመረዙ አልነበሩም። ሰውን ያስፈራው ከአፈሩ በታች ያለው አለመታወቁ ነው።

የሕዝብ ገንዘብ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከ1993 ጀምሮ፣ በመጀመሪያ ክሊቭላንድ ባለችበት በካያሆጋ አውራጃ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እስከ 200,000 ዶላር የሚደርስ ርዳታ መስጠት ጀመረ። ገንዘቡ የተሰጠው ለማጽዳት ሳይሆን ለመመርመር ነው። በመጀመሪያ የድሮ ካርታና መዝገብ ይገላበጣል፤ በፋብሪካው የሠሩ ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ፤ የነዳጅ ታንክ የት እንደ ተቀበረ፣ ዝቃጩ በየት በኩል ይወጣ እንደ ነበር ይጣራል። ቀጥሎ መሬቱ ተሰርስሮ የአፈርና የውኃ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ ሲታወቅ ፍርሃቱ ወደ ቍጥር ይለወጣል፤ ባንክም በቍጥር ላይ መነጋገር ያውቃል። ለዚህ ምርመራ የግል ገዢ አይከፍልም፤ ውጤቱ ከከፋ ገንዘቡ ይቀልጥበታልና። ባለቤቱም አያስመረምርም፤ ካወቀ ይጠየቃልና። በ2002 የወጣው ሕግ ርዳታውን በሕግ አጸና፤ አስቀድሞ አስመርምሮ ለገዛ ንጹሕ ሰውም ከተጠያቂነት መከላከያ ሰጠው።

ገንዘቡ ግን ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። መሥሪያ ቤቱ በመላው አገሪቱ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከ450,000 እንደሚበልጡ ይገምታል። በ2021 የተመደበላቸው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለሁሉም እኩል ቢካፈል ለአንዱ 3,300 ዶላር ያህል ይደርሰዋል፤ ይህም ለናሙና ቍፋሮው እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ርዳታው በውድድር ይሰጣል፤ በውድድር ደግሞ ማመልከቻ አሳምሮ የሚጽፍ ባለሙያ ያላት ከተማ ትቀድማለች።

ምን ያህል ይጽዳ የሚለውም የሚያከራክር ነው። የሕፃናት መጫወቻ የሚሆን አፈርና የመጋዘን ወለል የሚሆን አፈር በአንድ ልክ አይጸዱም። ሸፍኖ መተው ይረክሳል፤ ሽፋኑን ለዘላለም የሚጠብቅ ሰውና በጀት ግን ይፈልጋል። የላቭ ካናል ዝቃጭ ራሱ ዛሬም እዚያው ነው፤ ተሸፍኖ፣ የሚያንጠባጥበው ውኃ እየተጣራ ይጠበቃል። በጀት አውጪዎች ፈጥነው የሚረሱት ይህን የጥበቃ ወጪ ነው።

በኢትዮጵያ የከተማ ቦታ በአዋጅ ቍጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ፋብሪካ በሊዝ የያዘውን ቦታ ሳይመረመር ሲመልስ፣ መርዙን የሚረከበው ሕዝቡ ነው። ቦታው ሲሰጥ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስም አንድ ጊዜ አፈሩ ቢመረመርና ሁለቱ ውጤቶች በአንድ መዝገብ ቢቀመጡ፣ ልዩነቱን ያመጣው ማን እንደ ሆነ ሳያከራክር ይታወቃል፤ ሒሳቡም ድርጅቱ ሳይፈርስ ሊጠየቅ ይችላል።