መምህር ሳያልፍ



አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረው፣ ኋላ የሐይቅ እስጢፋኖስ አበ ምኔት ሆኑ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ እርሳቸው በመጡ ጊዜ ቅስና የተቀበሉ፣ ብዙ ሕዝብም ያስተማሩ ነበሩ። ሆኖም «ዐዋቂ ነኝ» ሳይሉ እንደ ጀማሪ ዝቅ ብለው ታዘዙ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የተባለችውን ደብረ አስቦን መሠረቱ።

ብቻውን የሚያነብ ሰው የሚያርመው ከሌለ ስሕተቱ ዕውቀት ይመስለዋል። መምህር ግን የደቀ መዝሙሩን ድካም ፊቱን አይቶ ያውቃል፤ በቃል ያስተማረውንም በኑሮው ያስረዳዋል፤ ያን ጊዜ ልብ ይነቃል።

ስለዚህ መምህራን ያሉት ደብር ልጆቹን ዛሬውኑ ወደ እግራቸው ያቅርብ። መጽሐፍ ይቈያል፤ መምህር ግን ያልፋል።